ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ፊውዝ ምን ይጠቅማል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሠልጣኙም መምህሩም፣ ቤቱ ቆጣሪ ያስገባ ሰው ሁሉ፣ «ዕቃው እንዳይቃጠል ይከላከላል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከደብተር ወደ ደብተር ሲገለበጥ የኖረ ስለሆነ አራሚ አላገኘም። ሬዲዮኑን ይጠብቃል፣ ቴሌቪዥኑን ይጠብቃል፣ ካውያውን ይጠብቃል ይባላል። ነገሩ ጭራሽ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ መሆኑን ባለፈው ኅዳር በግቢያችን ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጌ ቮልስ ዳሽቦርድ በስተኋላ የተቃጠለ ሽቦ ስናወጣና ስናስገባ በዓይናችን አይተናል። ብዙዎቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወርክሾፑ ጎን ከዛፉ ሥር ኮፈኗ ተከፍቶ፣ አንጀቷ ተጎልጉሎ አይታችኋታል፤ «ምን ሆና ነው?» እያላችሁም አልፋችኋል። እነሆ የሆነችውን።

መኪናይቱ የአንዲት የሥራ ባልደረባችን ናት። ማን እንደሆነች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም ባታውቁ ምንም አይጎድልባችሁ። አንድ ቀን ምሽት፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ልጆቿን ከኋላ ወንበር አስቀምጣ ከገበያ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። መብራቱ በርቷል፣ ሬዲዮኑም ያወራል። ከአንድ ጉድጓድ ገብታ ስትወጣ ሬዲዮኑ ድንገት ዝም አለ። «ዱሮም አመሉ ነው» ብላ ቸል አለችው። ወዲያው ግን ላስቲክ ሲቃጠል የሚሸት ዓይነት ሽታ መጣ፤ ከመሪው በታችም ነጭ ጭስ መጤስ ጀመረ። አልደነገጠችም አይባልም፤ ነገር ግን እጅና እግሯ አልተሳሰረም። ጠርዝ ይዛ ቆመች፣ ቁልፉን አጠፋች፣ ልጆቹን እየጎተተች አወጣች። ሞተሩ ጠፋ። ጭሱ ግን ቁልፍ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማም አይመስል፤ እንዲያውም ባሰበት።

እዚህ ላይ ቮልስ እንዴት እንደተሠራች ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሯ ከኋላ ነው። ከፊት፣ ሌሎች መኪኖች ሞተር በሚያስቀምጡበት ቦታ፣ የዕቃ መጫኛና 40 ሊትር ያህል የሚይዝ የቤንዚን ታንክ አለ። ከታንኩ እስከ ዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ባትሪው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ተቀምጧል። እንግዲህ አስቡት፤ ጭሱ የሚወጣው ከቤንዚኑ ጎረቤት ነው፤ ለጭሱ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ ደግሞ ልጆቹ ከደቂቃ በፊት ተቀምጠውበት ከነበረው ወንበር ሥር ነው።

ከኋላዋ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና «ባትሪዋ የታለ?» አለ። «ከወንበሩ ሥር!» አለችው። ወንበሩን ፈንቅሎ ሜዳ ላይ ወረወረው፤ የባትሪውን ራስ በፒንሳ ይዞ እየወዘወዘ ነቀለው። ጭሱ ቀስ በቀስ ሞተ። ልጁ እጁን በሱሪው ጠርጎ «አይዞሽ እትዬ፣ አለቀ» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም፤ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

መኪናይቱ ተጎትታ ግቢ ከገባች በኋላ ባለቤቲቱ ልታያትም አልፈለገች። «ለቁራሌው ስጡልኝ» አለችን። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጋራዦች አስጠይቃ ኖሯል። አንደኛው «ሽቦው በሙሉ ይለወጥ» ብሎ የመኪናይቱን ግማሽ ዋጋ ጠራባት። ሌላው ደግሞ «የተቃጠለውን ቆርጠን፣ ጠምዝዘን፣ ናስትሮ እንጠቀልልበታለን፤ ከሰዓት በኋላ ነይና ውሰጂ» አላት። ከውድነቱ ይልቅ ያስፈራት ይኸኛው ፍጥነት ነው። «ለምን እንደተቃጠለ ሳይነግሩኝ እንዴት አድርጌ ልጆቼን መልሼ አስቀምጥበታለሁ?» ነው ያለችው። እንደኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ጥያቄ በዚህ ዓመት በግቢያችን አልተጠየቀም።

በሰፈራችን ዕድሜያቸውን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ለምነን አመጣናቸው። ሠልጣኞች መኪናይቱን ከበው «የተቃጠለው የቱ ነው? የቱ ነው?» እያሉ ሲንጠራሩ አዩና፣ «የተቃጠለውንማ ዕውርም በሽታው ያገኘዋል፤ ያቃጠለውን ነው የምትፈልጉት» አሏቸው። ሁለት ነገር አስጠነቀቁን፤ አንደኛው ሲጋራ የሚያጨስ ወዲያ ይሂድ፣ ሁለተኛው የሚቸኩል ሰው ወደ ቤቱ ይሂድ።

መጀመሪያ ያሠሩን ሥራ ከሽቦ ጋራ ግንኙነት ያለው አይመስልም ነበር። ባትሪውን ከመኪናይቱ ጭራሽ አስወጡት። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ቦዲው በሙሉ የኔጋቲቭ ወገን ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው መፍቻው ቦዲውን ቢነካበት ኮንታክት ፈጠረ ማለት ነው። ቀጥለው ቤንዚኑን በጀሪካን አስቀዱና ታንኩን አስፈትተው ከዛፉ ማዶ አኖሩት። አንድ ሠልጣኝ «ጋሼ፣ ባዶ አይደል እንዴ? ምን ያደርጋል?» ቢላቸው ተቆጡ። «ሙሉው ነው የሚሻልህ! ባዶው ነው ቦምቡ!» አሉት። ልክ ናቸው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ በባዶ ታንክ ውስጥ ትነትና አየር ተቀላቅለው አንዲት ብልጭታ ይጠብቃሉ። ኬሚስትሪ የምታስተምሩ ይህችን ያዙልኝ።

ከዚያ ከኮፈኑ በኩል ያለው የካርቶን ሽፋን ተነሣና የዳሽቦርዱ ጀርባ ታየ። የሽቦው ጥቅል ከፊሉ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ጥላሸትም ለብሷል። ጋሼ ናስትሮውን በምላጭ እየቀደዱ፣ እንደ ጥጥ ፈልቃቂ ሴት አንድ በአንድ ሲለያዩት፣ ከመሐል አንድ ቀጭን ሽቦ ልብሱን ጨርሶ አውልቆ ራቁቱን ወጣ። ሌሎቹ የተጎዱት በሱ ሙቀት ነው። ጥፋተኛው በዚህ ተለየ። ግን ማን ነው? ከየት ወዴት ይሄዳል?

በጀርመን መኪኖች የኤሌክትሪክ ክፍሎች ላይ፣ ሽቦ በሚሰካበት እግር አጠገብ፣ ጥቃቅን ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። ዲን 72552 የሚባለው የጀርመን ደንብ የሰጣቸው ቁጥሮች ናቸው። 30 ማለት ከባትሪ በቀጥታ የመጣ፣ ቁልፍ የማያዘው ነው። 15 በቁልፉ በኩል ያለፈ፣ 31 ወደ ቦዲ የሚገባ፣ 50 ሞተሪኖውን የሚቀሰቅስ ነው። ጋሼ እነዚህን እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። የራቁቱን ሽቦ ጫፍ ተከትለን ስንሄድ የደረስነው ከመብራቱ ማብሪያ ጀርባ፣ 30 ከሚለው እግር ላይ ነው። ሌላው ጫፉ ሬዲዮኑ ውስጥ ይገባል። ሬዲዮኑን ያስገባው ሰው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ መኪናይቱ ብዙ ባለቤት አሳልፋለች፣ ቁልፍ ሳይዞር እንዲዘፍንለት ፈልጎ ኃይሉን ከ30 ወሰደ። ቁልፉ ጭሱን ያላቆመው ለዚህ ነው። ቁልፉ በማያዘው መስመር ላይ ቁልፍ ማጥፋት በሌላ ሰው ቤት በር ላይ እንደመቆለፍ ያለ ነው።

ግን ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ሬዲዮኑን አውጥተን አየነው። ከጀርባው የራሱ ፊውዝ አለው። ፊውዙ ደህና ነው፤ አልተበጠሰም። ሬዲዮኑን ለብቻው ከባትሪ ጋራ አገናኘነው፤ እንዳመሉ ማውራት ጀመረ! ዕቃው ደህና፣ ፊውዙ ደህና፣ መኪናይቱ ግን ከነልጆቹ ልትነድ ነበር። እንግዲህ «ፊውዝ ዕቃውን ይጠብቃል» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ምን ይበጀናል?

ሠልጣኞች ፀጥ አሉ። ከነርሱ አንዷ ግን ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ እየዳሰሰች ቆይታ «መምህር፣ ከዚህ ወዲህ ለምን አልተቃጠለም?» አለች። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ከማብሪያው ጀምሮ ወደ ሬዲዮኑ ለመሻገር በቆርቆሮው ቀዳዳ እስከሚያልፍበት ድረስ ሽቦው እኩል ነድዷል። ከቀዳዳው ወዲያ እስከ ሬዲዮኑ ያለው አንድ ስንዝር ተኩል ግን ልብሱ ከሱቅ የወጣ ይመስላል፤ ቀይ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ጋሼ ፈገግ አሉና «እንግዲህ አገኘሽው» አሏት። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የስንዴ ቅንጣት የማትሞላ፣ የምታበራ የመዳብ ጠብታ ተጣብቃለች። ኮንታክቱ የተፈጠረው እዚያች ላይ ነው። በቀዳዳው ላይ ሽቦ እንዳይፋቅ የሚደረገው የላስቲክ ቀለበት አልገባበትም። ሽቦው ለዓመታት በቆርቆሮው ስለት ላይ ሲፈገፈግ ኖሮ፣ ያን ምሽት ጉድጓዱ ቢያዘልለው መዳቡ ብረቱን ነካ። ኮረንቱም እስከ ሬዲዮኑ መድከም አላስፈለገውም፤ በዚያው ወደ ቦዲ ገብቶ ወደ ባትሪው ተመለሰ። ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ሽቦ ምንም ስላላለፈበት ምንም አልሆነም። የሬዲዮኑም ፊውዝ ያለው ከቀዳዳው ወዲያ ነው።

ሰኞ ዕለት ይህን ክፍል ውስጥ በጠመኔ ሠርተነዋል፤ ላልነበራችሁ እደግመዋለሁ። ሽቦው 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ያለው መዳብ ነው። የዚህ ሽቦ 1 ሜትር 0.035 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ሬዲዮኑ 1 አምፔር ይወስዳል ብንል፣ ሙቀት ማለት የኮረንቱ ካሬ በተቃውሞው ሲባዛ ስለሆነ፣ በሜትር 0.035 ዋት ይወጣል፤ እጅ የማያውቀው ሙቀት ነው። አሁን ሽቦው ቦዲ ነካ። ኮንታክቱ ደህና አድርጎ ያልገጠመ ስለሆነ 40 አምፔር ብቻ አለፈ እንበል። ኮረንቱ 40 እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 1,600 እጥፍ ይሆናል፤ በሜትር 56 ዋት መሆኑ ነው። «56 ዋት? ያንዲት አምፖል እኮ ነው!» የሚል ነበር። ነገር ግን በዚያ 1 ሜትር ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ 4.5 ግራም ብቻ ነው። ስሌቱን ሥሩት፤ ሙቀቱ በየሰከንዱ 30 ዲግሪ ያህል እየጨመረ ይነሣል። ፒቪሲ የሚባለው የተለመደው የሽቦ ልብስ ደግሞ እንዲሠራ የታሰበው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚያ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ባልደረባችን «ዱሮም አመሉ ነው» ብላ ሳትጨርስ ነገሩ ተጀምሮ ነበር።

ያው 40 አምፔር ከባትሪው እስከ ማብሪያው በሚመጣው ወፍራም ቀይ ሽቦ ውስጥም አልፏል። እሱ ግን ምንም አልሆነም። ተቃውሞው አነስተኛ፣ መዳቡ ብዙ ነው። በአንድ መስመር ላይ የሚነደው ሁልጊዜ ቀጭኑ ነው፤ ፊውዝም የተፈጠረው ይህንኑ ሕግ በመጠቀም ነው። ፊውዝ ማለት ሆን ተብሎ ከሁሉ ቀጭን የተደረገና፣ ቢነድ በማይጎዳ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሽቦ ነው። የሚሞተው ከኋላው ላለው ለሽቦው ሁሉ ነው። ስለዚህ ቦታው ከዕቃው ጀርባ ሳይሆን ከኃይሉ ምንጭ አጠገብ ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው መስመሩ ላይ ባለው በቀጭኑ ሽቦ ነው።

ጋሼ በዚህ አልረኩም፤ የፊውዝ ሳጥኑን አስከፈቱ። የዚህች መኪና ፊውዞች በሸክላ አካል ላይ ቀጭን የብረት ልሳን የተዘረጋባቸው ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ከነርሱ ሁለቱ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልለው ተገኙ። ተራቸውን እየጠበቁ ነበር ማለት ነው! ይህ በየመንገዱ የታወቀ ነገር ነው። ማታ፣ ቁልቁለት ላይ፣ መብራት የጠፋበትንና ያንን ያደረገውን ሾፌር እኔ አልወቅስም። የምወቅሰው በማግሥቱ ፊውዝ ቤት በኩል አልፎ የማይገዛውን ነው። አንድ የፊት መብራት 45 ዋት በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ነው የሚወስደው፤ 8 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ያ ወረቀት ግን ስንት አምፔር ላይ እንደሚበጠስ የለካው ሰው የለም፤ እሱ እስኪበጠስ ድረስ ከኋላው ያለው ሽቦ ቀድሞ ፊውዝ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው ከካርቶንና ከቤንዚን ጋራ ነው።

የመለወጡ ሥራ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። በአጭሩ ልበለው፤ አንድ ይቆረጣል፣ አንድ ይተካል፣ ይጻፋል። ሁሉን ቆርጦ በኋላ አገጣጥማለሁ የሚል ሰው መኪናዋን ቀበራት። በጠቅላላው አሥራ አንድ ሽቦ ለወጥን። እያንዳንዱ በነበረው ስፋት ወይም ከፍ ባለ፤ ባነሰ ፈጽሞ አይሆንም። የቤት መስመር የሚዘረጋበት ባለ አንድ ዘንግ ሽቦም አይሆንም፤ በመንቀጥቀጥ ብዛት ይሰበራል፤ ለመኪና የሚሆነው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደው ነው። የነደደ ፒቪሲ የሚያወጣው ጭስ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ አለበት፤ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ሳንባም መዳብም ይበላል። ስለዚህ ያልነደዱትም ሽቦዎች ጫፋቸው የጠቆረ ወይም አረንጓዴ ያወጣ እንደሆነ፣ የሚያበራ መዳብ እስኪገኝ ድረስ እየቆረጥን ወደ ኋላ ሄድን።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። በባትሪ ገመድ ላይ ቀይን ፖዘቲቭ፣ ጥቁርን ኔጋቲቭ ብሎ የለመደ ሰው ቮልስ ውስጥ ሲገባ ይሳሳታል። እዚያ ወደ ቦዲ የሚገባው ቡናማው ነው፤ ጥቁሩ ከቁልፉ የሚመጣ፣ ኮረንት ያለበት ነው። አንድ ጎበዝ ሠልጣኝ ጥቁሩን ቦዲ ላይ ሊያስር ሲል ጋሼ እጁን ይዘው አስጣሉት። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያነብ አልነካም።

መጋጠሚያው ላይ ክርክር ተነሣ። «ጠምዝዘን በናስትሮ ብንጠቀልለው ምን አለበት?» የሚሉ ነበሩ፤ በየጋራዡም የሚደረገው ይኸው ነው። መልሱ በስሌት ቀላል ነው። የተጠመዘዘ መጋጠሚያ ውሎ አድሮ ሲላላና ሲዝግ 0.1 ኦም ተቃውሞ ቢያበጅ፣ ሁለቱ የፊት መብራቶች የሚወስዱት 7.5 አምፔር ሲያልፍበት 5.6 ዋት ሙቀት በጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ይከማቻል። ናስትሮው ይቀልጣል፤ ታሪኩ እንደገና ይጀመራል። እኛ በሊድ በየድነው፣ ልብስ አልብሰን አሠርነው፤ ብየዳውም ከታንኩ ርቆ ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። በነርሱ ያው 45 ዋት አምፖል 7.5 አምፔር ይወስዳል፤ መጥፎ መጋጠሚያ የባሰ ያሠቃያቸዋል። ይህችኛዋ ባለ 12 ነች።

ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ባትሪው ተሰክቶ ሞተሩ ሲነሣ ለማየት ቸኩሏል። ጋሼ ግን የፍሬን መብራት አምፖል፣ 21 ዋት፣ አምጡ አሉ። አምፖሉን በባትሪው ኔጋቲቭና በቦዲው ገመድ መካከል አስገቡት። ዘዴው ድንቅ ነው። በሽቦው ውስጥ የቀረ ኮንታክት ቢኖር አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል እንጂ ምንም አይነድም፤ ከ1.75 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ። ኮንታክት ከሌለና ሁሉም ነገር ከጠፋ ግን አምፖሉ ጨለማ መሆን አለበት። ፖዘቲቩ ሲታሠር ሁላችንም አምፖሉ ላይ አፈጠጥን። ፈዘዝ ብሎ በራ!

ማንም አልተናገረም። ሁለት ቅዳሜ ለፍተን... አንዱ ገና ያሠርነውን ጥቅል መልሶ ሊቀድ ምላጭ አነሣ። ጋሼ ዝም ብለው ዞሩና ክፍት የነበረውን የሾፌር በር ዘጉት። አምፖሉ ጠፋ። በሩ ሲከፈት የሚበራው የጣሪያ መብራት ኖሯል። 10 ዋቱና 21 ዋቱ በአንድ መስመር ሆነው ሁለቱም ፈዘው በርተዋል። በሩን እየከፈትን እየዘጋን ሳቅን። ከዚያ በኋላ መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ መጥረጊያውን አንድ በአንድ ሞከርን፤ በመጨረሻም አምፖሉ ወጣና ሞተሩ ተነሣ።

ለሬዲዮኑ አዲስ መስመር ሠራንለት። አሁን ኃይሉን የሚወስደው ከፊውዝ ሳጥኑ በኋላ ነው፤ ከመነሻውም ላይ ለብቻው 5 አምፔር ፊውዝ አለ፤ የቆርቆሮውም ቀዳዳ የላስቲክ ቀለበት ገባለት። ቁልፍ ሳይዞር አይዘፍንም። ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል።

እናንተ ወደየገጠሩ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ቮልስ አይሰጣችሁም፤ መልቲሜትርም ላይኖር ይችላል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ግን አይጠፋም። ከዕቃ ማጠቢያ የብረት ሱፍ አንድ ክር ምዘዙና ጫፍና ጫፉን ከድንጋዮቹ ጋራ አገናኙ፤ ግሎ ይበጠሳል። ቀጥሎ ያንኑ ክር ከወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ጋራ በአንድ መስመር አስገቡና ልጆቹን የትኛው እንደሚነድ ገምቱ በሏቸው። ከሥሩ ወረቀት እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ልጆቹ «ፊውዝ ዕቃውን ይጠብቃል» ብለው ቢመልሱ አትቆጧቸው፤ ሬዲዮው ደህና፣ ፊውዙ ደህና፣ ሽቦው የነደደበትን መኪና ንገሯቸውና ፊውዙ የት መሆን እንደነበረበት ራሳቸው ያመልክቱ። የነደደውን ሽቦ ከነደህናው ጫፉ በላቦራቶሪው መስኮት አጠገብ ካርቶን ላይ ሰፍተን ሰቅለነዋል፤ መጥታችሁ ዳስሱት።

ቮልስ ለማስተማሪያ የተመቸች መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ የመጨረሻዋ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርተዋል፤ ሽቦዋም በሰው እጅ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። በአዲሶቹ መኪኖች ውስጥ ኮምፒዩተር ስለገባ እንዲህ ቅዳሜ ጠብቆ መበርበር ያስቸግራል። ሕጉ ግን ያው ነው።

ባለቤቲቱ በሦስተኛው ቅዳሜ መጣች። መኪናይቱን ከማየቷ በፊት ሽቦውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከማብሪያው እስከ ቀዳዳው፣ ከቀዳዳው እስከ ሬዲዮኑ አሳየናት። ብዙ አልተናገረችም። ያችን የመዳብ ጠብታ በጥፍሯ ነካካችና «ይህች ናት?» አለች። «ይህች ናት ልጄ» አሏት ጋሼ። ከዚያ የኋላውን ወንበር ራሷ አነሣችና የባትሪውን ራስ የሚፈታውን መፍቻ ጠየቀች። ፈታችው፤ መልሳ አሠረችው፤ እንደገና ፈታችው። መፍቻው አሁን ከወንበሩ ሥር በሲባጎ ታሥሮ ይኖራል፤ ትልቁም ልጇ እንዴት እንደሚፈታ ተምሯል። ማሰሪያዋ ውስጥ ነጭና ቀይ ፊውዝ በክብሪት ቀፎ ሞልታ አስቀምጣለች።

ክላክሱ ግን እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ እምቢ ይላል። የክላክሱ ኮረንት ወደ ቦዲ የሚገባው በመሪው ዘንግ በኩል ስለሆነ፣ ጋሼ ነገሩ እዚያ ውስጥ ነው ይላሉ። በሚመጣው ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እንከፍተዋለን፤ ካቻቢቴ ያለው ይዞ ይምጣ።